ጀርባሽ እንዴት አደረ?

ዘንድሮ መርፌዬን አስቀመጥኩ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ዓይኔ ደከመ። አንዲት ሕፃን ልከትብ ክንዷን ይዤ፣ የቆዳዋን እጥፋት ከደም ሥሯ መለየት አቃተኝ። ልጅቷን ለእናቷ መለስኩና «ሌላ ሰው ይክተባት፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ አርፌያለሁ» አልኳት። ወደ ቤቴ ስመለስ አዝናለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላዘንኩም። እንዲያውም እርቦኝ ስለ ነበር ገብቼ ሁለት ጭብጥ ቆሎ በላሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሚጽፈው የልጄ ባል ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አልፎ አልፎ «እማዬ፣ ይህ እንኳ ይቅር» ይለኛል። «አይቀርም፣ ጻፈው» እለዋለሁ። ያስጀመረን የሰው ምስጋና ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጬ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «ትርንጎ እኮ ሞት የማትፈራ ሴት ናት» አለች አንደኛዋ፤ «በዚያ በፈንጣጣው ዘመን የበሽተኛ ጎጆ ስትገባ የጎረቤት ቤት የምትገባ ነበር የምትመስለው።» ይህን ስሰማ አፈርኩ። በዚያ ዘመን ከበሽተኛውም ከአስታማሚውም ይበልጥ የፈራ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ፍርሃቴም ብቻውን አልቀረም፤ ሰው ጎድቻለሁ። እሱን ሳልናገር ምስጋናውን ይዤ ብሞት ደስ አይለኝም።

ያኔ ከተማው እንጦጦ ላይ ነበር። ታች ያለው ሜዳ ፍል ውሃና የከብት ማሰማሪያ ነው። ባሕር ዛፍ የሚባል ገና አልመጣም፤ ተራራው ጥድና ወይራ ነበረው፣ እሱንም ሠራዊቱ ለማገዶና ለቤት እየቆረጠ ጨረሰው። እኔ ከቡልጋ ባሌን ተከትዬ ነው የመጣሁት። በመጣን በሁለተኛው ዓመት ባሌ ዘመቻ ወጥቶ አልተመለሰም። ልጅ አልነበረንም። ለሹማምንት ቤት ጌሾ እየወቀጥኩ፣ ማገዶ እየለቀምኩ እኖር ነበር። ከዚያ ከብቱ አለቀ፤ እህል ጠፋ፤ በላዩ ላይ ፈንጣጣው ገባ።

በእኛ አገር አነጋገር ፈንጣጣ ይዞት የተረፈውን «ወጣለት» እንላለን፤ የሞተውን «ወጣበት»። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው ይላል የልጄ ባል። ያን ዓመት በየሰፈሩ የሚሰማው «ወጣበት» ብቻ ሆነ።

የሰፈራችን ሹም አንድ ባላምባራስ ነበሩ። በሽተኛው ሁሉ ከሰፈር ወጥቶ ለብቻው እንዲቀመጥ አዘዙ። ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚሉት ሰፈር በላይ፣ ወደ የካ በሚዞረው ዳገት ላይ አሥራ አንድ ጎጆ ተሠራ። ማን ያስታምም የሚለው አላከራከረም። ፈንጣጣ አንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ተፈለገ። ባላምባራሱ በቅሎ እንደሚመርጥ ሰው ፊታችንን እያዩ አለፉ። እኔ ግንባሬ ላይ ሦስት፣ ጉንጬ ላይ አንድ ጠባሳ አለኝ። «ይቺም ወጥቶላታል» አሉ፤ ገባሁ። በሳምንት አንድ ቁና ገብስ ይሰጠን ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ቁና ገብስ ያለው ሰው ባለጸጋ ነው።

የሥራው አለቃ ግን ባላምባራሱ ሳይሆኑ ኦቦ ቱሉ ነበሩ። የየካ ተወላጅ ናቸው፤ እርሻቸው ኮተቤ ነው፤ ፈንጣጣ መክተብን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ። አማርኛውን እንደ እኛው ይናገሩታል፤ ከጠዋት ሰላምታቸው በቀር፣ ሲቆጥሩና ሲቆጡ ብቻ ወደ ኦሮምኛቸው ይመለሳሉ። ሁኔታቸውን የምናውቀው በዚያ ነበር፤ ኦሮምኛ ከጀመሩ ወይ በሽተኛ እየቆጠሩ ነው ወይ አንዳችን አጥፍተናል።

ሙያውን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። የበሽተኛ ጎጆ በር ላይ ደርሰው የሰውየውን ስም ሳይጠሩ አይገቡም ነበር። «ስሙን ሲሰማ የሚዞር ከሆነ ገና እዚህ ነው፤ ካልዞረ ውሃውን ቀድመሽ ያዢ» ይሉኛል። ፈንጣጣ የያዘው ገላ ቁርበት ላይ ከተኛ ይጣበቅና ቆዳው ይገፈፋል። ስለዚህ ለስላሳውን የኮባ ቅጠል ቆርጠን፣ እሳት አሳይተን አለዝበን እናነጥፋለን፤ በየቀኑም እንቀይራለን። ዓይን ከሁሉ ይቀድማል። ሽፋሽፍቱ በመግል ተጣብቆ ካደረ ብሌኑ ይበላሻል፤ ጠዋት ጠዋት ፈልቶ በበረደ ውሃ በጥጥ ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ነው። የልጆችን እጅ እንዳይቧጥጡ በጨርቅ እንጠቀልላለን። ጉሮሯቸው ለቆሰለ አጥሚቱን አቅጥነን በቅል ጠብ ጠብ እናደርግላቸዋለን። ቅርፊቱ ሲረግፍ ከቅጠሉ ጋር እናቃጥላለን። ይህ ሁሉ ፈንጣጣን አያድንም። ሰውየው በበሽታው እንጂ በጥማትና በቁስል እንዳይሞት ያደርጋል እንጂ። ኦቦ ቱሉ በዚያ ይበቃቸው ነበር፤ እኔም በኋላ በቃኝ።

ስድስት አስታማሚዎች ነበርን። ሁለቱን መናገር አለብኝ። አንዱ ወልዴ ነው፤ ወታደር የነበረ፣ ፊቱ ወንፊት የመሰለ። ፈንጣጣ እሱን መልሶ እንደማይነካው ሕፃን እንኳ አይቶ ይመሰክራል። ግን ከእያንዳንዱ ጎጆ ሲወጣ በእንዶድና በአመድ እጁን እስኪሰነጠቅ ያጥብ ነበር። አንድ ቀን መዳፉ ደም ሲያወጣ አይቼ «ወልዴ፣ አንተን እኮ አይዝህም» አልኩት። «እኔ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም» አለኝ።

ሌላዋ አመለወርቅ ናት። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። በልጅነቷ ወጥቶላት አንድ ዓይኗ ላይ ነጭ ጠባሳ ትቶባታል። ኮተቤ እናቷ ዘንድ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ነው የመጣችው። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ታማርራለች። «ወገቤ ተቆረጠ፣ ራሴ ፈረሰ፣ ዛሬስ አልተርፍም» ትላለች፤ እያለችም ከሁላችን ሁለት እጥፍ ውሃ ትቀዳለች። ስለዚህ ማማረሯን እንደ ወፍ ጩኸት ለመድነው።

ኦቦ ቱሉ የአስታማሚን ፍርሃት ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። የፈንጣጣ መጀመሪያ ትኩሳትና የጀርባ ቁርጠማት ነው። ቀኑን ሙሉ ሎሌ ሆኖ ጎንበስ ቀና ሲል የዋለ ሰው ደግሞ ጀርባው መቼ አያመውም? ስለዚህ አስታማሚ ሁሉ በየቀኑ ታምሜአለሁ ብሎ ያስባል። እሳቸው ለዚህ ያበጁት ሥርዓት ነበራቸው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ማንም ጎጆ ሳይገባ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እሳቸው «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ እያሉ ያልፋሉ፤ እኛም «ናጋ»፣ በሰላም፣ እንላለን። ከዚያ አንዱ የሌላውን ምላስና የላንቃውን ጣሪያ ያያል፣ አንገቱን በእጁ ጀርባ ይነካል፣ «ጀርባሽ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። ያየው ሰው «ደህና ነሽ» ካለ፣ እስከ ነገ ጠዋት ደህና ነሽ። ራስን መዳበስ ክልክል ነው። ግንባሩን ሲነካ የተገኘ ሰው ወንዝ ወርዶ እንስራ ሞልቶ ይመጣል።

«ለምን ራሳችንን አናይም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ራሱን የሚያይ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል» አሉኝ። «የፈራ ከሆነ በሽታ ያገኛል። የኮራ ከሆነ ጤና ያገኛል። ጓደኛው ግን ያለውን ያያል።»

የእኔ ጓደኛ አመለወርቅ ነበረች።

መጀመሪያ ላይ አልፈራሁም። እናቴ «ላንቺ ወጥቶልሻል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እሷ ግን ሞታለች፤ አንድ ቀን አክስቴ ከቡልጋ እህል ፍለጋ መጣችና የምሠራበትን ሰምታ ዳገቱ ሥር አስጠራችኝ። በሩቅ ቆመን ተነጋገርን።

«ምን ብለሽ ገባሽበት?» አለችኝ።

«ወጥቶልኝ የለ?»

«እንጃ ልጄ፤ እኔ የማስታውሰው ያንቺ ጉድፍ፣ ያ ቀላሉ የልጅ ሽፍታ፣ እንደ ነበረ ነው። ፈንጣጣው የወጣው በታላቅ እህትሽ ላይ ነው፤ እሷንማ ወሰዳት። እናትሽ ሁለቱን አደባልቃው እንደሆነ እንጃ። እኔም ተሳስቼ ይሆናል፤ ዘመኑ ራቀ።»

ተሳስቼ ይሆናል ያለችው ቃል ነው የገደለኝ። ጉድፍ ነው ብትለኝ ያንኑ ቀን ጥዬ በሄድኩ። ፈንጣጣ ነው ብትለኝ ተኝቼ ባደርኩ። እውነቱን ለኦቦ ቱሉ ልናገር ብዬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜም ቁናውን ገብስ አሰብኩና ዘጋሁት። ከዚያ ብባረር የምሄድበት ቤት አልነበረኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያለውን ኑሮዬን እንዴት ልንገራችሁ። ከእንቅልፌ ስነቃ ዓይኔን ሳልገልጥ ጀርባዬን አዳምጣለሁ። ምላሴን ወደ ላይ አድርጌ ላንቃዬን ስዳብስ እውላለሁ፤ ምላስ ሲዳብስ ማንም አያይማ። ውሃ ስቀዳ እንስራው ውስጥ ፊቴን አያለሁ። ኦቦ ቱሉ በሽታው ከገባ እስኪጀምር አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል ብለውን ነበር፤ እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ግን በየቀኑ አዲስ በሽተኛ እነካለሁ፤ ቁጥሩም በየቀኑ ከአንድ ይጀምራል። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ስሠራ ሌሎቹ «ሽታው ከበዳት» ብለው ሳቁብኝ። ትኩሳት ይሰማኝ ነበር፤ እውነተኛ ሙቀት፣ ጆሮዬ ሥር የሚፋጅ። ሕፃን ሲያለቅስ ሮጬ ሳነሳ ይጠፋል፤ ሥራው ጋብ ሲል ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ አመለወርቅ አንገቴን ነክታ «ደህና ነሽ፣ እንደ እንቁራሪት ቀዝቅዘሻል» ትለኛለች። ለግማሽ ቀን እተነፍሳለሁ። እሷ አታውቅም እንጂ በእሷ ቃል ነበር የምኖረው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ።

አንድ ጠዋት በጣም ፈርቼ ነቃሁ። ጉሮሮዬ የቆሰለ መሰለኝ። ፀሐይዋ ላይ ስንቀመጥ እኔ ቶሎ እንድትነግረኝ ብቻ ነው የቸኮልኩት። አመለወርቅ አፌን አየችና «ደህና ነሽ» አለችኝ። ቀለለኝ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

«ጀርባሽ እንዴት አደረ?» አልኳት።

«ተቆርጧል። ራሴም ፈርሷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ» አለችኝ።

በየቀኑ የምትለው ነው። አፏን ከፈተች፤ አየሁ ልበል? ዓይኔ አፏ ላይ ነበር፣ ልቤ የገዛ ጉሮሮዬ ላይ። አንገቷን ልነካ እጄን ሰነዘርኩና ከመንካቴ በፊት መለስኩት። እኔ አንገት ነክቼ ትኩሳት ባገኝ፣ እሱን ይዤ ቀኑን እንዴት እንደምውል ስለ ፈራሁ ነው። ምንም ሳልነካ «ደህና ነሽ፤ ፍርሃት ነው» አልኳት።

በአንድ ዓይኗ አየችኝ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችና እንስራዋን አንስታ ወንዝ ወረደች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ወልዴ ተሸክሟት መጣ። ወንዙ ዳር ወድቃ ነው ያገኛት፤ ልብሷ ርሷል፣ ገላዋ እሳት ነው፣ የምትናገረው አይያያዝም። ኦቦ ቱሉ ሆዷን ገልጠው አዩ። ጥቃቅን ቀይ ነጥብ እንጂ ፈንጣጣ የለም። «ተስቦ ነው» አሉ። ተስቦ! ሁላችንም አንድ በሽታ ብቻ እንደሚገድለን አድርገን ስንጠባበቅ፣ ቅማሉ በገባንበት ጎጆ ሁሉ ሌላውን ይዞልን ነበር። አመለወርቅ ዘጠኝ ቀን ታመመች። እኔ አስታመምኳት፤ ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ከቀብሯ ስንመለስ ኦቦ ቱሉን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገቷን እንዳልነካሁ ነገርኳቸው። ለምን እንዳልነካሁ፣ የአክስቴንም ነገር፣ የገብሱንም ነገር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አዎ፣ አላየሻትም» አሉኝ።

«ባያትስ ኖሮ?»

«አላውቅም። ተስቦ ቀድመው ያዩትንም ይገድላል። ግን ውሃ ልትቀዳ አትወርድም ነበር። ብርዱ ላይ ወድቃ አትቆይም ነበር።» አላባበሉኝም። ስላላባበሉኝ ዛሬም ድረስ አመሰግናቸዋለሁ፤ ቢያባብሉኝ ኖሮ ሁለተኛ ቃላቸውን አላምንም ነበር።

ከዚያ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙረው ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳበሱ። «ጉድፍም ፈንጣጣም ሊሆን ይችላል። እኔ መለየት አልችልም» አሉ። «ይህን ይዘሽ ደግሞ መሥራት አትችይም፤ ሌላ ሰውም ሳታዪ ትቀሪያለሽ። ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ዛሬ ከዚህ ትወጫለሽ፤ ገብሱን እኔ ከቤቴ እየላክሁ እስከ አዲስ እህል አቆይሻለሁ። ወይ እከትብሻለሁ። ወጥቶልሽ ከነበረ ክንድሽ ላይ ምንም አይታይም። ካልወጣልሽ ቀለል አድርጎ ይወጣልሽና ነገሩ ያልቃል።»

«ቀለል ካላለስ?»

«ይገድልሻል።»

«ከትበዋቸው የሞቱብዎት አሉ?»

ቁጥር አልነገሩኝም። ስማቸውን ነው የነገሩኝ፤ የአባታቸውን ስም፣ ሰፈራቸውን ጨምረው። ረጋ ብለው፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ስሞቹ ሲያልቁ «ይክተቡኝ» አልኳቸው። ለምን ደፈርኩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ደፍሬ አይደለም። በየቀኑ ከአንድ መቁጠር ሰልችቶኝ ነው።

መግሉን የወሰዱት ሾላ ዛፍ አጠገብ ባለችው ጎጆ ከተኛ አንድ ገበሬ ነው። ሦስት ቀን ሲመርጡ ቆዩ። ቁስሉ የተራራቀ፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ በሽተኛው ምግብ የሚበላ፣ ሌላ ሕመም የሌለበት መሆን አለበት። በቅል ቅርፊት ላይ ከጥቂት ማር ጋር ለወሱት። መርፌውን እሳት አሳይተው አቀዘቀዙና ከግራ እጄ አንጓ በላይ ሦስት ጊዜ ጫሩ። ደም እንዲፈስ አይደለም፤ እንደ ድመት ጭረት ቀላ እስኪል ብቻ። ቀቡት፣ በቅጠል ሸፈኑት። «የሚፈስ ደም መድኃኒቱን አጥቦ ያወጣዋል» አሉኝ፤ ያን ጊዜ እንኳ እያስተማሩኝ ነበር።

የተከተበ ሰው በሽታውን ለሌላ ስለሚያስተላልፍ ለብቻዬ ጎጆ ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት የሚያየኝ ወልዴ ሆነ። በሩ ላይ ይቆምና «ትርንጎ» ብሎ ይጠራኛል፤ ከዚያ ይገባል፤ በዚያ በተሰነጠቀ እጁ አንገቴን ነክቶ «ገና ነው» ይለኛል። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን፣ ገና ነው። በሰባተኛው ቀን ጭረቱ አበጠ። በስምንተኛው ትኩሳቱ መጣ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። እውነተኛው ሲመጣ ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የነበረውን አይመስልም። ያኛው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ሐሳብ ነበረው፣ ያወራኝ ነበር። ይኼኛው ሥጋዬን ብቻ ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከእኔ ጋር ወሬ የለውም። ጀርባዬ በእርግጥ የተሰበረ መሰለኝ፤ አመለወርቅ ያን ጠዋት ምን እንደ ተሰማት ያኔ አወቅሁ። ተኝቼ የማስበው ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ውሃ ነበር። ወልዴ ውሃውን በቅል ጠብ ያደርግልኛል። ከሦስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀኝና ገላዬ ላይ ወጣ፤ ቁጥሩ የሁለት እጅ ጣት የማይሞላ፣ የተራራቀ።

ኦቦ ቱሉ መጥተው አዩና መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ወጥቶልሽ አልነበረም!» አሉኝ። «ይኸው አርባ ቀን ሙሉ እሳት ውስጥ ስትመላለሺ። እንግዲህ ፍርሃትሽ እውነቱን ነበር።»

«እንዴት ሳይዘኝ ቀረ?»

«እግዜር ነዋ። አፍሽን የሸፈንሽበት ነጠላም እንደሆነ እንጃ።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረው፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም አፉን ሸፍኖ እንዲገባ አዘዙ። ማንም አልሳቀም።

ቅርፊቴ ረግፎ ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት ኮተቤ ነው፤ የአመለወርቅ እናት ዘንድ። ወልዴ «ልከተልሽ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ሴትዮዋ በራቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ያን ጠዋትም ያደረግሁትን ሳላሳምር ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ፤ ቆይቶ መፈልፈሉን ቀጠለ።

«ለምን መጥተሽ ነገርሽኝ?» አሉ። «እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

«ሌላ ሰው ስለማያውቅ ነው የመጣሁት።»

«ልጄ ብትኖር ይቅር ትልሽ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። እሷ ፀሐይዋንም ትወቅስ ነበር።» ዓይናቸው እንባ አዝሎ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ሊል ይታገላል። ባቄላውን ወደ ጎን አኖሩና «ሁለቱ ልጆቿ አልወጣላቸውም» አሉኝ። «በሽታው ኮተቤ ገብቷል ይባላል። አንቺ ነሽ የምትከትቢያቸው።»

«እናቴ፣ እኔ አስታማሚ ነኝ። መክተብ አልተማርኩም። ኦቦ ቱሉን ላምጣልዎት።»

«ቱሉን አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው። አንቺን ነው ያልኩት። ተማሪና ነይ።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራዬ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ከኦቦ ቱሉ ጋር ስምንት ዓመት፣ ከእሳቸው በኋላ ለብቻዬ፣ ከየካ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያልገባሁበት ግቢ የለም። ብዙ ሹም አይቻለሁ። አንዱ ወታደሮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ክተቢ ብሎኝ «ሁሉም በአንድ ቀን ሲተኙ ማን ውሃ ሊሰጣቸው?» ብዬ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ፤ በማግስቱ በቅሎ ልኮ መለሰኝ። ኬላ የሚያሳልፍ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበረኝ፤ ዝናብ በላው። ከተማው ከተራራው ወደ ሜዳው ሲወርድ እኔም ወረድኩ። የሞቱብኝ አሉ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው አውቃለሁ። ወልዴን አገባሁት፤ እጁን መታጠብ ሳይተው ሽበት አወጣ፤ ልጆቻችን ከመንደሩ ሁሉ ንጹሕ ሆነው አደጉ። አሁን የፈረንጅ ሐኪሞች ከጥጃ የሚገኝ ሌላ መድኃኒት አምጥተዋል፤ የተከተበው ሰው ሌላውን አያሲዝም፣ አይሞትምም። አንዱ ሲከትብ ቆሜ አየሁት። ጭረቱ ትንሽ ጠልቆበታል እንጂ ነገሩ ጥሩ ነው። አልቀናሁም። እኔ ከስንቱ ጋር ተጨንቄ ያደርኩበት ጥያቄ ሳይመለስ ከሚቀር፣ ይኸው ተመልሷል።

ማብቃት የምፈልገው ግን በመጀመሪያው ክትባቴ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ በኮባ ግንድ ልጥ ላይ ስጭር ከረምኩ፤ ውሃው ሳይወጣ ቆዳው ብቻ እስኪነሳ። ከዚያ ኦቦ ቱሉ «በቃሽ» አሉኝና አብረን ኮተቤ ሄድን። እሳቸው ግን ከግቢው አልገቡም። አጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። «እኔ ከገባሁ ፊቴን ስታዪ ትውያለሽ። ሂጂ፣ ልጆቹን እዪ» አሉኝ።

ትልቋ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትንሿ አራት። አያታቸው በልጅነታቸው ወጥቶላቸው ስለ ነበር አብረውን ሊሆኑ ይችላሉ። ትንሿን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ክንዷን ዘረጉልኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው።

«አያለሁ» አሉኝ። «እስኪተው እንጠብቃለን።»

ጠበቅን። ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። ተወኝ። ጫርኩ፤ ቀባሁ፤ ሸፈንኩ። ትልቋ ራሷ ክንዷን አውጥታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ቤት ሃያ አንድ ቀን አልወጣሁም። በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አፋቸውን አያለሁ፣ አንገታቸውን እነካለሁ። ነካሁ ስል ነካሁ ማለቴ ነው። በስምንተኛው ቀን ሁለቱም ጋሉ። ትልቋ ቶሎ ተነሳች። ትንሿ ከበዳት፤ አራት ቀን ሙሉ ስሟን ስጠራት አትዞርም ነበር። አያቷና እኔ ተራ በተራ ውሃ ጠብ እያደረግንላት፣ ዓይኗን እያጠብን ቆየን። በአምስተኛው ጠዋት ስሟን ስጠራ ዞረች። እርቦኛል አለች።

ቅርፊቱ የረገፈ ዕለት ልጆቹን አጥበን፣ ልብሳቸውን ቀይረን ወደ ውጪ ለቀቅናቸው። የእግራቸው ጉልበት ገና ስላልተመለሰ ተያይዘው እየተንገዳገዱ ሄዱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ እያየኋቸው ሳለ የአመለወርቅ እናት ትከሻዬን ያዙና ወደ ውስጥ መለሱኝ። መደባቸው ላይ አስተኙኝ። «ትንሽ ብቻ» ብዬ ነበር።

ስነቃ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ልጆቹ ባቄላው ማሳ ዳር ይጯጯኻሉ። በሩ ክፍት ነው፤ ሴትዮዋ መድረኩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። እግሬን በራሳቸው ቡሉኮ ሸፍነውልኛል።